ምናባዊ እውነታ

እንግሊዝኛው ቨርችዋል ሪያሊቲ የሚለውን ቴክኖሎጂ በአማርኛ «ምናባዊ እውነታ» እንለዋለን። ተጠቃሚው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ መነጽር ያጠልቅና ራሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ቀና ሲል ጣሪያው፣ ጎንበስ ሲል ወለሉ፣ ዞር ሲል ከጀርባው ያለው ግድግዳ ይታየዋል። ቴሌቪዥን እንዲህ አያደርግም፤ የሚያሳየን ካሜራው የመረጠውን ብቻ ነው።

ለግራና ለቀኝ ዓይን በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ምስሎች ይቀርባሉ፤ አንጎል አዋህዶ ጥልቀት ይሰጣቸዋል። ይህን ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. አሳይቶ ነበር። መነጽሩ የራስን እንቅስቃሴ ተከትሎ ምስሉን ወዲያው ይቀይራል። በ1968 እ.ኤ.አ. አይቫን ሰዘርላንድ የሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ ከክብደቱ የተነሳ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው። ምስሉ ለቅጽበት ከዘገየ ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ይጋጩና ሰውየውን ያቅለሸልሸዋል።

«ምናባዊ» ሲባል ግን ሁሉም የፈጠራ ዓለም ነው ማለት አይደለም። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አውታር መዝግቧል። መሣሪያው ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ድንጋዩን ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል። ከሚሊዮኖች ነጥቦች የቤተ ክርስቲያኑ ትክክለኛ ቅርጽ ይወጣል። እንዲህ ያለ መዝገብ ወደ መነጽሩ ሲገባ ላሊበላ ያልደረሰ ሰው እንኳ በዓምዶቹ መካከል ይቆማል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው!

በአዲስ አበባ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በስተምሥራቅ፣ የካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለ ልኬት ይሻል። ዘመንና ዝናብ ጎድተውታል። በእንጦጦ ተራሮች ሰንሰለት ግርጌ ከሚኖሩት መካከል ጉልበታቸው ዳገቱን የማይችል እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው፤ እነሱም ቤታቸው ተቀምጠው ውስጡን ቢያዩት እንዴት ደስ ይል ነበር። ልኬቱ በበጋ፣ አለቱ ደረቅ ሳለ ቢሠራ ይመረጣል፤ እርጥብ ድንጋይ የሌዘሩን ብርሃን በደንብ አይመልስም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ የፈረሰው ክፍል በግምት ተሞልቶ ከቀረበ፣ የተለካው የቱ፣ የተገመተው የቱ እንደሆነ በቀለም ተለይቶ ለተመልካቹ ይታየው።