በእጅ የሚታይ ጥራት፦ የጤፍ ገበያና የእህል በረንዳ ደላላ

ጤፍ ሲወደድ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በደላላ ላይ ነው። ክሱ አንዳንዴ እውነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ደላላው በገበያው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ይሰነዘራል።

ከምንጃር ወይም ከቢቸና የተጫነ ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይመጣም። ጭነቱን ተቀብሎ ገዢ የሚፈልግለትና ዋጋ የሚቆርጥለት ደላላው ነው። እህሉ የእሱ አይደለም፤ ትርፉ ኮሚሽን ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ እሌኒ ገብረመድኅን በ1980ዎቹ መጨረሻ ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ በማይተዋወቁ ነጋዴዎች መካከል የሚካሄደው የሩቅ ንግድ የቆመው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ምክንያቱ ከእህሉ ጠባይ ይነሣል። ገዢው ጆንያውን በሾለ ክፍት ብረት ወግቶ ጥቂት ጤፍ መዳፉ ላይ ያፈስሳል፤ እፍ ብሎ እብቁን ያባርራል፤ በጣቱ በተን አድርጎ ንጣቱን፣ ጣልቃ የገባውን ቀይ ፍሬና ከአውድማ የመጣውን አፈር ያያል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ የሚባለው እዚያው ነው። የ1,000 ፍሬ ክብደት ግማሽ ግራም በማይሞላ እህል ውስጥ የተቀላቀለ ደቃቅ አሸዋ በቀላሉ አይያዝም። ጆንያው ከአፉ ማኛ፣ ከሥሩ ሰርገኛ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ተመልሶ የሚይዘው ደላላውን ነው፤ ሻጩማ አገር ቤት ነው።

መንግሥት በኮታ እህል የሚሰበስብበት ሥርዓት በ1982 ዓ.ም. ሲቀር ክፍተቱን የሞላው ይኸው የደላላው የስም ዋስትና ነበር። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋስትናውን በመጋዘን ደረሰኝና በደረጃ ምደባ ለመተካት ተነሣ። የጀመረው በእህል ቢሆንም ክብደቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ። ቡና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በሌላ መንገድ እንዳይሸጥ ሕግ አስገድዶት ነበር፤ በዚያ ላይ ለውጭ ገበያ የሚቀርበውን ከአገር ሲወጣ መቆጣጠር ይቻላል። ጤፍ ግን የሚበላው እዚሁ ነው፤ በየወፍጮ ቤቱ የሚሸጥን እህል በአንድ መስኮት ማሳለፍ የማይታሰብ ነው።

በእኔ ግምት ደላላውን ከአዋጅ ይልቅ የሚያሰጋው ዘር ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. የለቀቀው ቁንጮ የተባለው ነጭ ዝርያ በስፋት መዘራቱ ምርቱን ይበልጥ አንድ ወጥ አድርጎ የደላላውን ዋስትና አስፈላጊነት ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም የገጠሩ ሰብሳቢ የብዙ ገበሬዎችን ጤፍ ገዝቶ በአንድ መኪና እስከጫነ፣ መውቂያውም የበሬ እግር እስከሆነ ድረስ፣ ማሳ ላይ የተገኘው ንጽሕና እህል በረንዳ ሳይደርስ ይደባለቃል።