ከታናናሾች ፊተኛ የነበረ ከታላላቆች ኋለኛ ሲሆን

ሰው በዕድሜው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሳይሸጋገር አይኖርም። ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፤ ተማሪም ፊደል ቈጥሮ ወደ ንባብ ያልፋል። ነገር ግን ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ የለመደውን ትቶ ስለሚወጣ፥ ሽግግር ደስታ ብቻ ሳይሆን ፈተናም አለበት። ይህን ተረድተው ሥርዓት ካበጁለት ሰዎች መካከል የስካውት መሥራቾች ይገኛሉ።

እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም.፥ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ሰብስቦ በድንኳን አሰፈረ። የባለጸጋውንና የሠራተኛውን ልጅ ቀላቅሎ በ4 ቡድን ከፈላቸው። የ9 ዓመት ልጅ የነበረው የወንድሙ ልጅ ዶናልድም በተላላኪነት አገለገለ። በ1908 ዓ.ም. መጽሐፉ ታትሞ ስካውትነት በተስፋፋ ጊዜ፥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ታናናሽ ወንድሞች «እኛም እንግባ» እያሉ አስቸገሩ። ታናናሾቹ የታላላቆቹን ጉዞ አይችሉም፤ ታላላቆቹም ከሕፃናት ጋር መቈጠርን አይወዱም ነበር።

ስለዚህ በ1914 ዓ.ም. ለታናናሾቹ የተለየ ሥርዓት ተሞከረ፤ በ1916 ዓ.ም.ም ቬራ ባርክሌይ የተባለች ሴት ረድታ «የተኩላ ግልገሎች» የተባለው ክፍል በይፋ ተመሠረተ። ስሙም ሆነ ጨዋታው የተወሰደው ከሩድያርድ ኪፕሊንግ የጫካ ታሪክ ነው። የተኩላ ግልገል ዓይኑ ሳይገለጥ ስለሚወለድ፥ ልጁ ትምህርቱን በፈጸመ ቍጥር በቆቡ ላይ ኮከብ ይደረግለት ነበር፤ ሁለት ኮከብ ያገኘ ሁለቱም ዓይኖቹ ተገለጡ ይባል ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ዓይኑ ከተገለጠ በኋላ ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ከግልገሎቹ መካከል የስድስት ልጆች አለቃ ሆኖ፥ ሲናገር ይሰማ፥ ሲመራም ይከተሉት ነበር። ወደ ስካውቶቹ ሲሻገር ግን ከሁሉ ያንሳል፤ ቋጠሮ ማሰርን እንኳ እንደ አዲስ ይማራል። ይህን ኀፍረት መቋቋም አቅቶት ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አይታጣም።

ለዚህ ነው የማሻገሪያ ሥነ ሥርዓት የተደረገው። ልጁ ጓደኞቹን ይሰናበታል፤ አለቃውም ራሱ ወደ ስካውቶቹ ይወስደዋል። የስካውቶቹ አለቃ በእጁ ጨብጦ ይቀበለውና ለሚገባበት ቡድን መሪ ያስረክበዋል። ልጁ ብቻውን የሚቆምበት ጊዜ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ። በአሜሪካም በ1930 ዓ.ም. የታናናሾቹ ክፍል ከተቋቋመ በኋላ፥ ወደ ስካውት ለሚያልፉት ዌብሎስ የተባለ የመዘጋጃ ደረጃ ተደርጓል። ለጐለመሱት ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሮቨር የተባለው ክፍል በ1918 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የሚያሳድግ ሰው ልጁን እንደሚወደው የሚታወቀው በጊዜው ሲለቀው ነው፤ ጐበዙን ልጅ ለራሱ ክፍል መመኪያ ብሎ የሚያስቀር አለቃ ራሱን እንጂ ልጁን አልወደደም። ሁለተኛ፥ የሚቀበል ሰው አዲሱን መጤ ሊያፌዝበት አይገባም፤ እርሱም ትናንት መጤ ነበርና። ሦስተኛ፥ የሚሻገረው ልጅ የቀድሞ አለቅነቱን እያነሣ ቢኰራ ወይም ቢያዝን ትምህርቱ ይዘገይበታል፤ ታዛዥነትን ግን ይዞ ቢሄድ ከታች የተማረው ሁሉ ከላይ ይጠቅመዋል። በኪፕሊንግ ታሪክ ውስጥ ያለው ሞውግሊ እንኳ አድጎ ከተኩሎቹ ተለይቶ ወደ ሰዎች ተመልሷል።

አንባቢ ወጣት ሆይ! አንተም ከታችኛው ትምህርት ቤት ወደ ላይኛው፥ ከትምህርትም ወደ ሥራ ትሻገራለህ። ያን ጊዜ ኋለኛ መሆንን አትፈር። ከተሻገርህም በኋላ ዘወር በል፤ ከኋላህ የቆመ ታናሽ አለና እጅህን ዘርጋለት።