የማርሴለስ ሼል ጋዝ

ማርሴለስ ሼል በአሜሪካ፣ በፔንስልቬኒያ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በኦሃዮና በኒውዮርክ ከርሰ ምድር የተዘረጋ፣ ከ390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ከተከማቸ ደለል የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው የታመቀበት የተፈጥሮ ጋዝ በተለመደው ቁፋሮ አይወጣም። ስለዚህ ጉድጓዱ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ወደ ጎን ታጥፎ በድንጋዩ ውስጥ ይዘልቅና፣ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ተለቆበት ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ፍራኪንግ የሚባለው ይህ ዘዴ ነው፤ አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በፔንስልቬኒያ ዋሽንግተን ካውንቲ የተደረገው የዚህ ዘዴ ሙከራ ከተሳካ ወዲህ ግዛቲቱ በጋዝ ምርት ከቴክሳስ ቀጥሎ ሁለተኛውን ደረጃ ይዛለች። ለመሬት ባለቤቶች የኪራይና የምርት ድርሻ ክፍያ ተገኝቷል፤ የጋዝ ዋጋ መርከስም በርካታ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን አዘግቷል። ክፍፍሉ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ የከርሰ ምድር መብቱ ቀደም ሲል ለሌላ የተሸጠበት ቤተሰብ ጫናውን እንጂ ገንዘቡን አያይም። ውሃና አሸዋ የሚያመላልሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የገጠር መንገዶችን ስለሚያበላሹ፣ በ2012 የወጣው የፔንስልቬኒያ ሕግ በየጉድጓዱ የተፅዕኖ ክፍያ ጥሏል።

ከሁሉ የከበደው የውሃ ጉዳይ ነው። አንድ ጉድጓድ ከ10 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ሊፈጅ ይችላል፤ ተመልሶ የሚወጣውም እጅግ ጨዋማ በመሆኑ አወጋገዱ አስቸጋሪ ነው። በፔንስልቬኒያ በዲሞክ አካባቢ ሚቴን በነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ተገኝቶ፣ በዚያ የቆፈረው ኩባንያ በ2022 የቀረበበትን የወንጀል ክስ ሳይከራከር ተቀብሏል። ሚቴን ወደ አየር ሲያመልጥም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ሙቀት ያምቃል። በዚሁ ድንጋይ ላይ የምትገኘው ኒውዮርክ በ2014 ፍራኪንግን ለማገድ ወስናለች።