ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ መቀመጫ

የሕፃን የመኪና መቀመጫ፣ ስዊድን

ጀርባውን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ከፍ ብሎ ጭንቅላትን ከግራም ከቀኝም ያቅፋል። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ። መኪናው ከፊት ሲጋጭ፣ ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ልጅ ትከሻው በቀበቶ ተይዞ ጭንቅላቱ ይወረወራል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ግፊቱ በጀርባው፣ በአንገቱና በጭንቅላቱ ላይ ይከፋፈላል።

ሐሳቡን ያመጡት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን ናቸው። የአሜሪካ የጄሚኒ የጠፈር መርሐ ግብር ጠፈርተኞች የሮኬቱን ግፊት በጀርባቸው እንደሚቀበሉ አይተው ለልጆች አሰቡት። ቮልቮም የመጀመሪያውን ናሙና በ1964 እ.ኤ.አ. ሞከረ።

በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነው የቴኔሲ ግዛት የልጆች የመኪና መቀመጫ ሕግ በ1978 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ልጅን ታቅፎ መጓዝን ግን አልከለከለም ነበር። የእናት እቅፍ የማይጠብቀው ነገር አለ ብሎ ማመን ለማንም ይከብዳል፤ እኛም አገር በየታክሲው ሕፃን የሚጓዘው ታቅፎ ነው። ሆኖም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ግጭት፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ከእጅ ይመነጨቃል።

የትከሻውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ይሞክሩ። በትክክል ከጠበቀ አይቆነጠጥም።