እርጥብ ሣርና ካሜራ
የአርባ ምንጩ ምስል በታሪክ ሚዛን

ፎቶግራፍ የአንዲትን ቅጽበት መልክ ከጊዜ ጅረት ቆርጦ ያስቀራል። ከዚያች ቅጽበት በፊት የሆነውንና ከእርሷ በኋላ የመጣውን ግን ከጠርዙ ውጭ ይተወዋል። ስለዚህም ሕዝብ በቁጣ አደባባይ ሲወጣ የተነሣ ምስል የታሪክ ምስክር ይሆን ዘንድ፣ ከጎኑ ምን እንደሚቀመጥ መጠየቅ ግድ ይላል።

በአገራችን ካሜራ ረዥም ዕድሜውን ያሳለፈው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ የቦያጂያን ቤተሰብን የመሳሰሉ አርመናውያን ባለሙያዎች የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ገጽ ሲያነሡ ኖሩ፤ ሰፊው ሕዝብ በምስሉ ውስጥ ቢገኝም የሰልፉ ማድመቂያ ሆኖ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ጎዳና ሲወጡ፣ ኋላም በ1966 ዓ.ም. ሠራተኛው፣ መምህሩና ወታደሩ ጥያቄያቸውን በየአደባባዩ ሲያሰሙ፣ የታሪኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ለዓይንም ግልጽ እየሆነ መጣ።

የምስልን ኃይል በጉልህ ያሳየው ግን የ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ትዕይንቶች ጋር ተቀናጅቶ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። የረኃቡ ምስል ለብቻው ኀዘንን ይቀሰቅስ ነበር፤ ከግብሩ ምስል ጎን ሲቀመጥ ግን ክስ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፣ ምስል ፍርድ የሚሰጠው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ መሆኑን ነው።

ይህ ትምህርት በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተነሣውን ምስል ለመመርመር ይጠቅማል። በወሩ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰ ጥቃት ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ መካከል ከጋሞ ደጋ ወጥተው በሽመና የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ይገኙ ነበር። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ። ቁጣው በቡራዩ ግፍ እጃቸው በሌለበት፣ በከተማይቱ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊወርድ ተቃረበ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ። ያንን ቅጽበት ካሜራ አስቀረው፤ ምስሉም ከእጅ ስልክ ወደ እጅ ስልክ እየተላለፈ አገሪቱን አዳረሰ።

በዓለም አደባባይ የተነሡ እውቅ ምስሎች በአብዛኛው በሥልጣን ጉልበትና በባዶ እጅ መካከል ያለውን ርቀት ያሳያሉ። ፈረንሳዊው ማርክ ሪቡ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 በፔንታጎን ፊት ለፊት ያነሣት ወጣት አበባዋን የዘረጋችው ለሳንጃ ነበር። ሳም ንዚማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1976 በሶዌቶ ያነሣው ምስል ደግሞ በጥይት የተመታውን ታዳጊ ሄክተር ፒተርሰንን ያሳያል። በአርባ ምንጩ ምስል ውስጥ ግን ሳንጃም ታንክም የለም። ተንበርካኪው አባት ነው፤ የቆመው ልጅ ነው። የተዘረጋውም ሣር የሚማጸነው የገዛ ወገንን ቁጣ ነው።

ሣሩ እንዲህ ያለ ኃይል ከየት አገኘ? ምንጩ ካሜራው ከመምጣቱ እጅግ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። የጋሞ ሕዝብ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አንሥቶ እስከ ቦንኬና ካምባ ድረስ፣ ደሬ በሚባሉ አካባቢዎች ተደራጅቶ ጉዳዩን በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ ሸንጎ፣ ሲመክርና ሲዳኝ ኖሯል። በዱቡሻ በደል ይነገራል፤ የተከሰሰው ይደመጣል፤ እርቅ ይወርዳል። እርጥብ ሣር የሰላምና የልመና ምልክት ነው። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ ጎሜን፣ ማለትም በሰውና በምድር ላይ መዘዝ የሚያመጣ ነውርን፣ ይጠራል። እንግዲህ በዚያ ጎዳና ላይ የተንበረከኩት ጥቂት አዛውንቶች ይሁኑ እንጂ፣ ከኋላቸው የቆመው የትውልዶች ሸንጎ ነበር። ወጣቶቹም የቆሙት የሣሩን ቋንቋ ያውቁ ስለነበር ነው። ይህም የእነርሱ ድርሻ በታሪክ ሊመዘገብላቸው ይገባል፤ ልመና የሚሰምረው ሰሚ ሲያገኝ ነውና።

ምስሉ የሚተወው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቡራዩ ነው። የተንበረከኩትን አባቶች እያወደሰ ሟቾቹን የሚረሳ ተመልካች የምስሉን ግማሽ ብቻ አይቷል። የጋሞ ሥርዓት ራሱ እርቅን ከእውነት አይነጥልም፤ በደሉ ሳይነገር ሸንጎው አይበተንም። ሣሩ በቀልን ከለከለ እንጂ ፍትሕን አልተካም። የወጣቶቹ ኀዘን እውነተኛ ነበር፤ ጥያቄያቸውም «ወገኖቻችን ለምን ሞቱ?» የሚል ነበር። ምስሉን የእርቅ አርማ አድርጎ በየግድግዳው መስቀል ይህን ጥያቄ አይመልስም። ምስሉ በአገሪቱ ሁሉ ከተወደሰ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተቀሰቀሰ። አርማውን ማድነቅና ሥርዓቱን መማር የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ አያሻም።

ከዚህ አንጻር የከያኒውም የመምህሩም ኃላፊነት ከባድ ነው። ሠዓሊው ያንን ምስል ወደ ሸራ ሲያሸጋግር፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ወደ መድረክ ሲያወጣው፣ መምህሩ በክፍል ሲያሳየው፣ ከጎኑ ዱቡሻውንና ቡራዩን ያኑር። ያን ጊዜ ተማሪው ሣሩን አይቶ አያበቃም፤ ሣሩን የያዘው እጅ ምን እንደተሸከመ ይጠይቃል። በጎዳናው ላይ የተነጠፈው ሣር በዚያው ሰሞን ደርቋል፤ በምስሉ ላይ ግን ዛሬም እርጥብ ነው። እርጥበቱ የሚቆየው ግን ጥያቄውን ይዞ የሚመለከተው ትውልድ እስካለ ድረስ ነው።