ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ከቧንቧ ውሃ መጠንቀቅ ያለባቸው ለምንድን ነው?

በናይሮቢዋ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ፣ የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ አይገኝም። ነዋሪው ውሃ በመጣ ቀን ያጠራቅማል፤ ሲጠፋም በቦቴ ያስመጣል። ሮቶ ለአዲስ አበባ ሰውም እንግዳ አይደለም። የተጠራቀመው ውሃ ለልብስና ለወለል አያሳስብም፤ ኮንታክት ሌንስ ለሚያደርግ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምክንያቱ አካንታሜባ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ተሕዋሲ ነው። በአፈር፣ በሐይቅ፣ በመዋኛ ገንዳና በቧንቧ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ያደፍጣል፤ ያን ጊዜ ክሎሪን እንኳ በቀላሉ አይበግረውም። አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ሌንስ ላይ ከተጣበቀ ግን በዓይን ብሌን (ኮርኒያ) ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ ጥቂት ጭረት ካገኘም ዘልቆ ይገባል። በአሜሪካ በዚህ በሽታ ከሚያዙት 85 በመቶ ያህሉ የሌንስ ተጠቃሚዎች ናቸው። በብሪታኒያ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በሽታውን ከጣሪያ ማጠራቀሚያ ከሚወርድ ውሃ ጋር አያይዘውታል። ውሃ በፈረቃ ለሚዳረስባቸው ከተሞች ይህ ቸል የሚባል መረጃ አይደለም።

ለስላሳውን ሌንስ የቼክ ኬሚስቱ ኦቶ ቪክተርሌ በአውሮፓውያኑ 1961 የገና ሰሞን፣ ከልጆች መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ ቤቱ ውስጥ በገጣጠመው ማሽን ሠራው። ሌንሱ ውሃ የሚመጥ ፕላስቲክ ነው፤ ምቾቱም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል።

ስለዚህ ሌንስ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ብቻ አይበቃም፤ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅም ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ገላ ሲታጠቡና ሲዋኙ ሌንሱ ይውለቅ። ማስቀመጫው በራሱ በማጽጃው ፈሳሽ ተለቅልቆ፣ ተደፍቶ ይድረቅ፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩም ይቀየር። በትናንቱ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር አይገባም። ቤት ውስጥ የተበጠበጠ የጨው ውሃም ምትክ አይሆንም፤ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ለበርካታ የአካንታሜባ ሕመሞች ምክንያት የሆነው እንዲህ ያለው ውሃ ነበር።

ሌንስ አድርጎ መተኛትም በኢንፌክሽን የመያዝን ዕድል ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ ይጨምራል።

ለሠርግና ለፎቶ የሚደረጉት ባለ ቀለም ሌንሶችም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደሉም። የብሌን ጉብታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ እይታው ደኅና የሆነ ሰውም መለካት አለበት። በአሜሪካ ከ2005 ጀምሮ ለጌጥ የሚሆኑት ሌንሶች ጭምር በሕግ እንደ ሕክምና መሣሪያ ይቆጠራሉ። አንዱን ሌንስ በሙሽሪትና በሚዜዎቿ መካከል መዋዋስ ደግሞ ጀርምን ከዓይን ወደ ዓይን ማሸጋገር ነው።

አካንታሜባ የያዘው ዓይን ሕመም ብዙ ጊዜ ከሚታየው መቅላት በላይ ይበረታል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ጠባሳ ጥሎ ካለፈ፣ ተስፋው ከሕልፈት በኋላ በሚለገስ ብሌን ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ለጋሽ ደግሞ ከጠባቂ ያንሳል።

ዓይንዎ ከቀላ፣ ካመመዎት ወይም ብርሃን ካስቸገረዎት ሌንሱን ወዲያው ያውልቁ፤ መልሰውም አያድርጉት። ነገር ግን አይጣሉት፤ ላቦራቶሪ ሊመረምረው ስለሚችል ከነማስቀመጫው ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መጨመር ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ኢንፌክሽኑን ሊያባብስ ይችላል። በሽታው በጅምሩ በሄርፒስ ቫይረስ ከሚመጣ የዓይን ሕመም ጋር ስለሚምታታ፣ ሌንስ እንደሚያደርጉና ሌንሱን ውሃ ነክቶት እንደሆነ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።