የ2012ቱ ሁዳዴና ፋሲካ በገርጂ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል። የሮሙ ንጉሥ ሕርቃል መስቀሉን ከፋርስ ለማስመለስ ሲጠየቅ፣ ሰው የገደለ ዕድሜውን ሙሉ ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈራ፤ ምእመናንም ጾሙን ተካፍለው ጾሙለት ብለው አባቶች ይተርካሉ።

የ2012ን ጾም የካቲት 16 ስንይዝ እንደ ወትሮው ነበር። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሕማማትን በየቤታችን ሰገድን። የጸሎተ ሐሙሱን ጉልባን ቀቅለን ለጎረቤት በአጥር በኩል አቀበልን።

የከበደን ቅርጫው ነው። በሬ ሲታረድ መደቡ ይደለደላል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሰው ሁሉ ከቦ ያያል፤ ያለዚያ ቅርጫ አይባልም። በሬው ቀረ። ከመካከላችን እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ እህቶች ነበሩ። ምግብ ቤቶቹ ገበያ ሲያጡ እነሱም እጃቸው አጠረ፤ ለፋሲካ እንኳን ዶሮ፣ የሽንኩርት መግዣም አልነበራቸው። የቅርጫውን መዋጮ ለእነሱ ዶሮ፣ ሽንኩርትና ቅቤ አደረግነው። የተቀባዮቹን ስም መዝገብ ላይ አላሰፈርንም፤ ሒሳብ ያዣችን ብታጉረመርምም ልክ ነበርን እንላለን።

ሚያዝያ 11 ሌሊት ጾሙን የፈታነው በየቤታችን፣ ከልጆቻችን ጋር ብቻ ነው። ቄጤማ እንኳ ያላገኘን ብዙ ነበርን።

በኋላ ቅርጫው ተመለሰ። ያለ ስም የሚወጣው አንድ መደብ ግን እስከ ዛሬ አለ።